ኮከቤ እሳት ነው ወይስ ውሃ?

ጥር ላይ ነው። ከማታው አራት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ጨልሟል። እኔ ግቢ ውስጥ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ትንሿን ቴሌስኮፔን ወደ ሰማይ አቅንቼ፣ የካሜራው ስክሪን ላይ አፍጥጫለሁ። ጎረቤታችን እማማ ሻማ ሊጠይቁ ብቅ አሉ። ቴሌስኮፑን ሲያዩ ሻማውን ረሱት።

«አንተ ልጅ፣ ኮከብ ቆጠራ ገባህ እንዴ?»

«ኧረ እማማ፣ ይሄ ሌላ ነው።»

«ሌላ ምን አለ? በል የኔን እይልኝ። ኮከብሽ እሳት ነው ሲሉኝ ነው የኖሩት። እኔ ግን ውሃ ነው የሚመስለኝ።»

ሳቅኩ። ሲገባኝ ግን የሚያስቅ ጥያቄ አይደለም። ኮከብ ከምን ተሠራ? ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት በ1835 (እዚህ የምጠቅሳቸው የውጭ ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይህን የሰው ልጅ መቼም ሊያውቀው አይችልም ብሎ ደምድሞ ነበር። ሄዶ ማን ይቆንጥር? በ1859 ሃይደልበርግ ውስጥ ኪርሆፍና ቡንሰን የሚባሉ ሁለት ጀርመኖች መልሱን አገኙት። መሄድ አያስፈልግም፤ ብርሃኑ ራሱ ይናገራል። ኮምት ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር ከማፈር ተርፏል።

ነገሩን ለማየት ማድ ቤት መግባት ይበቃል። ወጥ ገንፍሎ ጋዝ ምድጃው ላይ ሲፈስ ሰማያዊው ነበልባል ቦግ ብሎ ቢጫ ይሆናል። ያ ቢጫ የጨው ነው፤ ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም። ሶዲየም ሲግል ሁሌም ያንኑ ቢጫ ነው የሚሰጠው፤ እዚህም፣ ፀሐይ አካባቢም። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር እንዲህ የራሱ ቀለም አለው። ከኋላው የበለጠ የጋለ ብርሃን ካለ ደግሞ ያንኑ ቀለም ከብርሃኑ ውስጥ ይውጠዋል፤ በቦታው ጥቁር ጭረት ይቀራል። ብርሃኑን የማርያም መቀነት አድርጎ የሚዘረጋ ነገር ካለ፣ ከዋክብትን ከምን እንደተሠሩ መጠየቅ ይቻላል። ሄሊየም እንዲያውም መጀመሪያ የታወቀው በ1868 ከፀሐይ ብርሃን ነው። ምድር ላይ የተገኘው ገና በ1895 ነው።

የኔ መዘርጊያ ከአንድ ብር ሳንቲም ብዙም የማትበልጥ የመስታወት ቁራጭ ናት። ግሬቲንግ ትባላለች። በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 100 ጭረት ተሰምሮባታል። ካሜራው ፊት ትጠመዳለች፣ በቃ። ቴሌስኮፔ ሞተር የለውም፤ ይሄ ደግሞ ለዚህ ሥራ ጥሩ ነው። ኮከቡን መሃል አስገብቼ እተወዋለሁ። መሬት ስትሽከረከር ኮከቡ በካሜራው ላይ ይንሸራተታል፤ ቀጭኗ የቀለም ክር ወደ ሰፊ ጥብጣብ ትቀየራለች። ሞተሩ መሬት ራሷ ናት፤ ባትሪም አትጨርስ።

የዚያን ማታ ያነሳሁት ሲሪየስን ነበር፤ ከሌሊቱ ከዋክብት ሁሉ ደማቋን። ለእማማ አሳየኋቸው። አንድ ጫፍ ላይ ነጭ መስመር፣ ከሱ ፈንጠር ብሎ ጥብጣቡ። አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ አንድ ጥቁር ጭረት አለ። ወደ ሐምራዊው ገባ ሲሉ ሌላ። ከዚያም ሌላ፤ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። የሞገድ ርዝመታቸው 486፣ 434፣ 410 ናኖሜትር ነው።

«ይሄ ጥቁሩ ምንድን ነው? ተበላሸብህ?»

«ሃይድሮጅን ነው እማማ። ውሃ ውስጥም አለ።»

«አላልኩህም? ውሃ ነው!»

ምን ይባላል። ሲሲሊያ ፔይን በ1925፣ በ25 ዓመቷ፣ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን ናቸው የሚል ውጤት ላይ ስትደርስ፣ የዘመኑ ትልልቅ ሰዎች አልተቀበሏትም። ውጤቱ እውነት አይደለም ማለት ይቻላል ብላ እንድትጽፍ ተደርጋለች። እማማ ግን ባንድ ማታ ተቀበሉ።

ይህን ሁሉ የማወራው አንድ ነገር ለማለት ነው። እኛ ሀገር ስለ ከዋክብት ወሬ ሲነሳ ወሬው ሁሌ ትልቅ ነገር ላይ ያርፋል። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉን። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ሳተላይት ከቻይና አምጥቀናል። ደስ ይላል፤ አልቃወምም። ጅማ ላይ ያለ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ግን ከዚህ ምን ይደርሰዋል? ዜናው ነው የሚደርሰው። ግሬቲንጓ ግን ከመካከለኛ ስማርትፎን ባነሰ ዋጋ ትገዛለች። እሷም ከሌለች የተጣለ ሲዲ አለ። ሲዲ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 625 ያህል ትራክ አለው። የጫማ ካርቶን በቀጭኑ ሰንጥቆ፣ ሲዲውን ጋደል አድርጎ ውስጡ ማስቀመጥ፣ ከላይ ለዓይን አንድ ቀዳዳ መብሳት ነው። በዚያ ቀዳዳ ያንን ጥምዝምዝ ቁጠባ አምፖል ያዩ ልጆች ቀለሙ ተቆራርጦ ሲመጣ አፋቸውን ይዘው ነው የሚቀሩት። አረንጓዴው መስመር የሜርኩሪ ነው። ኤልኢዲ አምፖል ላይ ይሄ አይታይም፤ እንዳትሸወዱ።

ጅማ ደግሞ ለዚህ ሥራ የታደለች ናት። አየሩን ማለቴ አይደለም። አየሩማ ታውቁታላችሁ፤ ዝናቡ ከገባ ሰማይ የሚባል ነገር የለም፤ ቴሌስኮፕ ከጃንጥላ ጋር ነው የሚቀመጠው። እኔ የምለው የቆምንበትን ቦታ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ ስምንት ዲግሪ ገደማ ላይ ነን። ስለዚህ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይከፈትልናል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ጋማ ካሲዮፒያ የምትባል ኮከብ አለች። ጣሊያናዊው ቄስ አንጄሎ ሴኪ በ1866 አይቷት ግራ ተጋባ፤ ጥቁር መሆን የነበረበት የሃይድሮጅን መስመር እሷ ላይ ያበራል። በጣም በፍጥነት ስለምትሽከረከር ዙሪያዋን የጋዝ ቀለበት አላት፤ የሚያበራው እሱ ነው። ቀለበቱ ይመጣል፣ ይሳሳል፣ ተመልሶ ይወፍራል። መቼ ይህ እንደሚሆን አይታወቅም። ስለዚህ ዘወትር የሚያያት ሰው ያስፈልጋል፤ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ደግሞ ለአንድ ኮከብ ይህን ያህል ጊዜ የላቸውም። ክፍተቱን የሚሞሉት አማተሮች ናቸው፤ ሥራቸው ሆኖ ሳይሆን ለፍቅሩ ሰማይ የሚያዩ ሰዎች። የፓሪስ ኦብዘርቫቶሪ (የከዋክብት ምርምር ጣቢያ) የእንዲህ ያሉ ከዋክብትን ጥብጣብ የሚያከማችበት ቤስ የሚባል የመረጃ ቋት አለው፤ ከባለሙያው ጎን የአማተሩም ሥራ ይገባበታል። ለዚያ ደረጃ ግን የኔ ቁራጭ አትበቃም፤ ጠባብ ስንጥቅ ያለው ረቀቅ ያለ መሣሪያ ይጠይቃል። አልዋሽም።

ታኅሣሥ ላይ፣ ማታ ሁለት ሰዓት፣ ጅማ ላይ ውጡ። ጋማ ካሲዮፒያ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ አለች። ዞር በሉ፤ በደቡብ በኩል አኬርናር አለች፤ የዚችው ዓይነት ኮከብ። የፓሪስ ሰው አኬርናርን ከቤቱ ሆኖ ጭራሽ አያያትም። የኬፕታውን ሰውም ጋማ ካሲዮፒያን አያያትም። እኛ አንገት በማዞር ብቻ ሁለቱንም እናያለን።

ከሁሉ የምትገርመኝ ግን ጋማ ቬሎረም ናት። ከ1,000 የብርሃን ዓመት በላይ ርቃ ያለች፣ ገላዋን በነፋስ እየበተነች ያለች ኮከብ። የእሷ ጥብጣብ ላይ የምታዩት ጥቁር ጭረት አይደለም፤ እንደ ከሰል ፍም የሚያበሩ ወፋፍራም የካርቦን መስመሮች ናቸው። የዚህ ዓይነት ከዋክብት ከምድር ሲታዩ ከሁሉ የምትደምቀው እሷ ናት። በኔ ቁራጭ መስታወት በደንብ ትያዛለች። አብዛኛው የአውሮፓ አማተር በፎቶ ነው የሚያውቃት።

«መጀመሪያ እንጀራ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ግን የምጠይቀው ገንዘብ አይደለም።

አንድ ትምህርት ቤት አውቃለሁ፤ ስሙ ይቅር። በእርዳታ የመጣ ጥሩ ቴሌስኮፕ አለው። ሦስት ዓመት አልፎታል። ንብረት ክፍል ቁምሳጥን ውስጥ ከነካርቶኑ ተቀምጧል፤ ቁጥር ተለጥፎበታል። ለምን እንዳልወጣ ስጠይቅ «ቢሰበር ማን ይጠየቃል?» ተባልኩ። እውነታቸውን ነው፤ ተጠያቂው የፈረመው ሰውዬ ነው። ያላየ ልጅ ግን ፎርም ላይ አይመዘገብም። መቆሚያው ጎድሎ ከሆነ እዚሁ ጅማ በርጩማ የሚጠርቡት አናጺዎች በሁለት ቀን ይሠሩታል። ግሬቲንጓን እኔ አውሳለሁ።

ጋማ ቬሎረም ጥር አጋማሽ ላይ፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ በደቡብ በኩል ከፍ ትላለች። ዝናብ የለም። ቁልፉ ንብረት ክፍል ነው።