ንግግርና ሐሳብ የተለያዩበትን ቦታ ያገኙት ካህን

በትምህርት ቤት ስለ ንግግር ጥበብ ምን ተማራችሁ ብንባል፣ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን የዘይቤ ዝርዝር ነው፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት። ለእያንዳንዱ ምሳሌ ጽፈን፣ ለፈተና ሸምድደን አልፈናል። የምንናገረውን ነገር ከየት እንደምናገኘው፣ ማስረጃውን እንዴት እንደምንመዝነው፣ የሚቃወመን ሰው ቢነሣ ምን እንደምንመልስለት ግን ማንም አላስተማረንም። የአደባባይ ክርክሮቻችን ብዙ ጊዜ ባዶ ሆነው የሚሰሙን በዚህ ይመስለኛል። ቃል የሚያሳምር ሰው አላጣንም። የጎደለን ከቃሉ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ከንግግር ትምህርት መቼና እንዴት እንደተቆረጠ ቁልጭ አድርገው ካሳዩ ምሁራን አንዱ ካህን ናቸው፤ አሜሪካዊው አባ ዋልተር ኦንግ። እ.ኤ.አ. በ1912 በሚዙሪ ግዛት ካንሳስ ሲቲ ተወለዱ። አባታቸው ፕሮቴስታንት፣ እናታቸው ካቶሊክ ነበሩ። ኮሌጅ ገብተው ላቲን ካጠኑ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በኅትመት ሥራ ቆይተው በ1935 የኢየሱሳውያንን ማኅበር ተቀላቀሉ፤ በ1946 ቅስና ተቀበሉ። በሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፋቸውን ያማከራቸው፣ በዕድሜ ከእርሳቸው ብዙም የማይበልጠው ካናዳዊ መምህር ማርሻል ማክሉሃን ነበር፤ በኋላ ስለ ቴሌቪዥንና ስለ መገናኛ ብዙኃን በጻፈው ዓለም ያወቀው ሰው ማለት ነው። ፒተር ራመስ ወደሚባል የ16ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ መምህር ዓይናቸውን እንዲጥሉ ያደረጋቸውም እርሱ ነው። አባ ኦንግ ራመስን ይዘው ሃርቫርድ ገቡ፤ በአውሮፓ ከአንዱ ቤተ መጻሕፍት ወደ ሌላው እየዞሩ የሰውዬውን መጻሕፍት እትም በእትም መዘገቡ። የዚህ ድካም ፍሬ የሆነው ሥራ በ1958 ታተመ።

ያገኙትን ለመረዳት ወደ ጥንቷ ሮም መመለስ ያስፈልጋል። የንግግር ጥበብ ሊቃውንቱ ሲሴሮና ኩዊንቲሊያን ተናጋሪን ሲያሠለጥኑ ትምህርቱን አምስት ክፍል አድርገውታል። መጀመሪያ የሚባለውን ማግኘት፤ ቀጥሎ ያገኙትን ቅደም ተከተል ማስያዝ፤ ከዚያ በቃል ማልበስ፤ ከዚያ በልብ መያዝ፤ በመጨረሻ በድምፅና በሰውነት እንቅስቃሴ ማቅረብ። ከአምስቱ እጅግ የሚከብደው የመጀመሪያው ነበር። ተማሪው አንድ ጉዳይ ይሰጠውና በየበሩ እያንኳኳ እንዲፈልግ ይደረጋል፦ የነገሩ ምንነት ምንድን ነው? መንሥኤውስ? ከእርሱ ምን ይከተላል? ምን ይመስላል? ተቃራኒው ምንድን ነው? ማን መሰከረለት? እንዲህ ሲፈልግ የከረመ ልጅ አፉን ሲከፍት የሚለው ነገር አለው። ደግሞም ፍለጋው ለብቻ የሚደረግ አልነበረም። የሚያዳምጥ ሰው፣ የሚፈርድ ዳኛ፣ የሚከራከር ባላጋራ ፊት ለፊት እንዳለ እየታሰበ የሚደረግ ነበር።

ራመስ ይህን ለሁለት ከፈለው። ማግኘትንና ማደራጀትን ከንግግር ጥበብ አውጥቶ ለሎጂክ ሰጠ። በልብ መያዝን እንደ አንድ ክፍል ማስተማሩን ተወው፤ ነገሩ በሥርዓት ከተደረደረ ራሱ ይታወሳል ባይ ነበር። ለንግግር ጥበብ የቀሩት ጌጥና ድምፅ ብቻ ሆኑ። ልብ በሉ፣ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ለአፍላ ወጣቶች የሚያስተምር ሰው ነበርና ድግግሞሽን ማስቀረት፣ ትምህርቱን ማቅለል ፈለገ። ማተሚያ ቤትም አገዘው። ዕውቀትን ሁሉ ከአንድ ርእስ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አራት እየከፈለ በገጹ ላይ የሚዘረጋ ሰንጠረዥ በእጅ ሲገለበጥ ይበላሻል፤ ሲታተም ግን በሺህ ቅጂ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል።

አባ ኦንግን ያሳሰባቸው ይህ ነው። በእርሳቸው አነጋገር ውይይት መበስበስ ጀመረ። ቀድሞ ዕውቀት በሁለት ሰዎች መካከል፣ በጥያቄና በመልስ ይወለድ ነበር። አሁን ገጽ ላይ ተዘርግቶ በዓይን የሚታይ ዕቃ ሆነ፤ መምህሩ ያሳያል፣ ተማሪው ያያል። በሰንጠረዡ ውስጥ የሚጠይቅ ሰው ቦታ የለውም። ብሔራዊ ፈተናችንን ሳስብ ይህ ክርክራቸው እኛንም ይነካናል እላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የተማረ ልጅ ከአራት ምርጫ አንዱን አጥቁሮ ይወጣል፤ ለምን እንዳጠቆረው የሚጠይቀው የለም።

እዚህ ላይ የማከብርላቸውን አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ራመስ ፕሮቴስታንት ሆኖ ነበር፤ በ1572 በፓሪስ በቅዱስ በርተሎሜዎስ እልቂት ካቶሊኮች ከገደሏቸው አንዱ ነው። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ካቶሊክ ካህን የዚህን ሰው ሥራ ለማጥናት ምርጥ ዓመታቱን ሰጠ። አስተሳሰቡን ነቅፈውበታል፣ ጠንከር አድርገውም ነቅፈውበታል። ግን አንብበው ሳይጨርሱ አልነቀፉም። የተቃዋሚን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ከነቀፋው በፊት የሚመጣ ግዴታ መሆኑን በተግባር አሳይተዋል።

የእርሳቸውን ሥራ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያቀርበው ግን የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ ቀን ዛፍ ሥር ወይም ጎጆው ውስጥ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ አዲስ ቅኔ በሐሳቡ ያዘጋጃል ማለት ነው። ጽሑፍ የለም፣ ብዕር የለም። ምሥጢሩን ይፈልጋል፣ ሰሙን ከወርቁ ያገናኛል፣ በልቡ ይይዛል፤ ከዚያ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። የኔታ ያቃናሉ፣ ይጠይቃሉ፣ ሌሎቹ ይሰማሉ። የነገው ቅኔ ሌላ ነው፤ የትናንቱን መድገም አይቻልም። ሲሴሮ ከዘረዘራቸው አምስቱ ክፍሎች ሁሉም በአንድ ልጅ ውሎ ውስጥ አሉ፤ የመጀመሪያው፣ ከባዱ፣ ፍለጋው፣ ከሁሉ ይበልጥ።

እዚሁ ላይ ከአባ ኦንግ ጋር እለያያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ታዋቂ መጽሐፋቸው የቃልን ባህልና የጽሑፍን ባህል ሁለት የተለያዩ የአእምሮ ዓለማት አድርገው አስቀመጡ። የቃል ሰው በተለመደ ሐረግና በድግግሞሽ ያስባል፣ ጽሑፍ ሲመጣ ትንተና ይመጣል የሚል መንፈስ አለው። በእጅ ጽሑፍ ዘመን ቃል ገና ኃይል እንደነበረው አይክዱም፤ መስመሩ ግን ከመጠን በላይ ቀጥ ያለ ነው። የቅኔው ቋንቋ ግዕዝ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የሚጻፍ ነው። ሆኖም በጽሑፍ ቋንቋ፣ ያለ ጽሑፍ፣ እጅግ የተወሳሰበ ሰዋስው ጠብቆ፣ በየቀኑ አዲስ ነገር የሚፈጥር ትምህርት ቤት እዚህ ለዘመናት ኖሯል። ይህ ከሁለቱ ዓለማቸው በየትኛው ይገባል? በአንዱም ብቻ አይገባም።

ሌላም አለ። አባ ኦንግ የጥንቱን የላቲን ትምህርት አላስዋቡትም። የወንዶች ብቻ እንደነበረ፣ ዱላ የበዛበት እንደነበረ፣ ክርክሩ እንደ ግጥሚያ ይታይ እንደነበረ ጽፈዋል፤ ሴቶች ወደ ትምህርት ተቋማት ሲገቡ ያ የፍልሚያ ባህል እየከሰመ መሄዱንም ታዝበዋል። የኛም ቤት ዱላና ረኀብ አላጣውም፤ የቆሎ ተማሪን ኑሮ የሚያውቅ ያውቀዋል። ነገር ግን ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ቅኔ አስተምረዋል፤ ወንዶች ደቀ መዛሙርት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። ጥበቡ የወንድ ጠብ ያስፈልገዋል ለሚል ሰው እርሳቸው በቂ መልስ ናቸው።

አባ ኦንግ ሬዲዮ፣ ስልክና ቴሌቪዥን ያመጡትን ጊዜ ሁለተኛው የቃል ዘመን ብለው ሰይመውታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያርፉ ቲክቶክ አልነበረም። ዛሬ በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ በሪያድም ያለ አማርኛ ተናጋሪ ሌሊቱን በቀጥታ ስርጭት ክርክር ሲያዳምጥ ያድራል። ቃል በእርግጥ ተመልሷል። የተመለሰው ግን ራመስ ከቆረጠው በኋላ የቀረው ክፍል ነው፤ ድምፁና ጌጡ። ፈጥኖ የመለሰ፣ ተረት የጠቀሰ፣ ባላጋራውን ያሳፈረ አሸናፊ ይባላል፤ ማስረጃህን ከየት አመጣኸው የሚለው ጥያቄ እንደ ስድብ ይቆጠራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአማርኛ መምህራንና ሥርዓተ ትምህርት ለሚያዘጋጁ ነው። ዘይቤው ይቆይ፤ ውብ ነው፣ ቋንቋችንም ነው። ከእርሱ በፊት ግን ለተማሪው አንድ ክርክር ያለበት ጉዳይ ስጡት፤ የወንዝ ውኃ ክፍፍል ቢሆን፣ የሠፈር መንገድ ቢሆን፣ የትምህርት ቤት ደንብ ቢሆን። ሳምንት ሙሉ መንሥኤውን፣ ውጤቱን፣ ምስክሩን ይፈልግ። ዓርብ በክፍሉ ፊት ቆሞ የራሱን ወገን ይናገር፤ ሰኞ ደግሞ የተቃራኒውን ወገን፣ ያንኑ ያህል አጠንክሮ። ጓደኞቹ ይጠይቁት፣ መምህሩ ያቃኑት። ለዚህ ኮምፒውተርም አዲስ በጀትም አያስፈልግም። ሰባ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል ይፈትነዋል፤ በቡድን ከፍሎ፣ በሳል ተማሪዎችን ታናናሾቹን እንዲሰሙ ማድረግ የቅኔ ቤት ድሮም የሚያውቀው ዘዴ ነው።