ማስተካከያ፦ በበረሃ ደረቅ ወንዞች ውስጥ ስለሚወርድ ደራሽ ጎርፍ

ሰሞኑን በብዛት ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ፣ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በረሃ አሮዮ በሚባሉት ደረቅ ወንዞች ውስጥ የሚጓዝ ሰው ከራሱ በላይ ያለው ሰማይ ጥርት ያለ እስከሆነ ድረስ ጎርፍ አያሰጋውም ማለቱ ስሕተት ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የደኅንነት መመሪያዎች እንደሚያስረዱት፣ ጎርፉ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ በተፋሰሱ ላይኛ ክፍል ከጣለ ዝናብ ሊነሣ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1997 በአሪዞና አንቴሎፕ ካንየን 11 ሰዎችን የገደለው ደራሽ ጎርፍም የመጣው ከሸለቆው ርቆ ከጣለ ዝናብ ነበር።

«አሸዋው ውሃውን ይመጠዋል» የሚለው አባባል ደግሞ በከፊል ብቻ እውነት ነው። አሸዋው ጥቂቱን ቢመጥም፣ በዙሪያው ያለው አለትና ፀሐይ ያደረቀው ጠጣር አፈር ዝናቡን ቶሎ ስለማያሰርጉት፣ ውሃው ከየአቅጣጫው ተጠራቅሞ ወደ ወንዙ ይገባል፤ የጎርፉ ግንባርም ብዙ ጊዜ ጭቃና የተነቀለ ግንድ እየገፋ ይደርሳል።

ስለዚህ ጽሑፉን አምነው በደረቁ ወንዝ ወለል ላይ ድንኳን ለመትከል ወይም መኪና ለማቆም ያሰቡ ሰዎች ሐሳባቸውን ሊለውጡ፣ ትንበያውንም ለቆሙበት ስፍራ ብቻ ሳይሆን ለመላው ተፋሰስ ሊመለከቱ ይገባል፤ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰውን፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ደግሞ ትናንሽ መኪናዎችን ሊወስድ ይችላል። የአካባቢው የዝናብ ወቅት እ.ኤ.አ. ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ መሆኑን የሚገልጸው የጽሑፉ ክፍል ግን ትክክል ነው።