ዳታ ሲሪያላይዝ አድርጎ የሚጠቀጥቅ የእጁን ይስጠው!

ዝርዝሩን በሙሉ ሲሪያላይዝ አድርጎ፣ ማለትም ወደ አንድ ረጅም ጽሑፍ ጠቅልሎ፣ ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ሳጥን ላይ የሚጠቀጥቅ ፕሮግራመር የእጁን ይስጠው። ከልቤ ነው።

ጥምቀት ሲቃረብ ባሕር ዳር ላይ ለጀልባ ባለቤት ድረ ገጽ መያዝ ምን እንደሆነ የያዘው ያውቀዋል። ጎንደር ለበዓል የሚመጣው እንግዳ ዘጌን፣ ክብራን ገብርኤልን ሳያይ መመለስ አይፈልግም። ልክ በዚያ ሰሞን የጉዞው ዝርዝር ድርግም! ዘጌ የለ፣ ደቅ የለ፣ ዋጋ የለ።

ማን ምን ነካ? "ኧረ ምንም!" በኋላ ሲጣራ፣ ቢሮ ያለችው ልጅ ዳታቤዙ ውስጥ ገብታ "ባሕር ዳር" የሚለውን ገጥማ "ባሕርዳር" ብላዋለች። በቃ፣ ይኸው ነው። በእሷ አልፈርድም። ጽሑፉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ ማንም አይቶ ያርመዋል።

ጉዱ ያለው ከጎኑ ያለው ቁጥር ላይ ነው። ድረ ገጹ የተሠራበት የፒኤችፒ ቋንቋ ሲሪያላይዝ እያንዳንዱን ጽሑፍ ከነርዝመቱ ይመዘግባል። ርዝመቱም በፊደል አይደለም፣ ኮምፒውተሩ በሚያስቀምጥበት መለኪያ፣ በባይት ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ስልት የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አምስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ፣ 16። ክፍት ቦታው ሲወጣ 15። ቁጥሩ 16 እንዳለ ከቀረ ጥቅሉን መልሶ የሚፈታው አንሲሪያላይዝ "ፎልስ" (አልሆነም) ብሎ ቁጭ። የተበላሸችውን ብቻ እንኳ አይተውም፤ አሬዩን፣ ማለትም ዝርዝሩን በሙሉ ነው የሚከለክላችሁ።

ይባስ ብሎ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ መጣና ፊደሎቹን በጣቱ ቆጥሮ 5 ብሎ ጻፈበት። በእንግሊዝኛ ቢሆን ልክ ነበር። እኛ ግን በቋንቋችን ስለጻፍን ሦስት እጥፍ እንቆጥራለን!

"ወደ ጄሰን ቀይሩት" ትላላችሁ፤ ዝርዝርን በጽሑፍ ማስቀመጫ ሌላው መንገድ ነው። ቀየርነው። ርዝመት አይቆጥርም፣ ተመስገን። ግን ወደ ጄሰን የሚቀይረው ትእዛዝ፣ ጄሰን ኢንኮድ፣ ዝም ከተባለ ፊደላችንን በኮድ ይተካዋል። "ጣና" የነበረው ባክስላሽ ዩ 1323፣ ባክስላሽ ዩ 1293 ሆኖ ይቀመጣል። ከዚያ ዳታቤዙ ውስጥ "ጣና" ብላችሁ ፈልጉ፤ ወፍ የለም! ፊደሉን እንዳለ ተወው የሚለው ትእዛዝ ከፒኤችፒ 5.4 ጀምሮ አለ፤ እንደ ፈረንጆቹ ከ2012 ማለት ነው። ማን ይጽፈዋል? በጄሰን ዲኮድ ሲመለስም ሁለተኛው ቦታ ላይ "ትሩ" (አዎ) ካላላችሁ፣ አሬይ ስትጠብቁ ኦብጀክት የሚባል ሌላ ዓይነት ዳታ ያስታቅፋችኋል።

ቆይ፣ መዳረሻና ዋጋ የራሱ ቴብል ቢኖረው ምን ነበረበት? አንዱ ረድፍ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። መጀመሪያ የሠራውን ልጅ ደውዬ ጠየቅሁት። "ያኔ እንደዚያ ይቀል ነበር" አለኝ። ለማን ነው የቀለለው ወንድሜ?