ሱዛና የማን ልጅ ናት?

ማሳቹሴትስ ውስጥ በፕሊመዝ ከተማ ፒልግሪም ሆል የሚባል ሙዚየም አለ። እዚያ ካሉት ሥዕሎች በአንዱ ላይ ጥቁር ልብስ የለበሰ፣ ነጭ ኮሌታ ያደረገ ሰው ደብዳቤ ይዞ ይታያል። ኤድዋርድ ዊንስሎው ነው። ሥዕሉ የተሣለው በ1651 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በሜይፍላወር መርከብ ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት እንግሊዞች መካከል በሕይወት እያለ መልኩ ተሥሎ እኛ ዘንድ የደረሰው እሱ ብቻ ነው።

በእጁ የያዘውን ደብዳቤ ጠጋ ብሎ ላየ የምትነበብ መስመር አለች፦ «ከአፍቃሪ ሚስትህ ከሱዛና»።

የሱዛና ሥዕል የለም። ከእሷ የምናየው ባሏ እጅ ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ስሟን ብቻ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች ደግሞ ለብዙ ዘመን በስህተት ሲነገር ኖሯል። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለዚህ ስህተት ነው። እንዲህ ያለው ስህተት ዛሬም በየቀኑ እየተሠራ ነውና።

መጀመሪያ ሴትየዋን እንወቃት። ሱዛና በ1620 ሜይፍላወር ላይ የወጣችው ነፍሰ ጡር ሆና፣ ከመጀመሪያ ባሏ ከዊሊያም ዋይትና ሪዞልቭድ ከሚባል ትንሽ ልጃቸው ጋር ነው። ኅዳር ላይ መርከቧ ኬፕ ኮድ መልሕቋን ጥላ፣ ወንዶቹ የሚሰፍሩበትን ቦታ ፍለጋ የብስ ለየብስ ሲንከራተቱ፣ እሷ እዚያው መርከቧ ላይ ወለደች። ልጁን ፔሪግሪን አሉት። ከላቲን የመጣ ስም ነው፤ መንገደኛ ማለት ነው። በዚያው ሙዚየም ውስጥ የእሱ ነው እየተባለ ሲነገርለት የኖረ ከቀጭን እንጨት የተጠለፈ የሕፃን አልጋ አለ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ። ከ102ቱ መንገደኞች ግማሽ ያህሉ አለቁ። ዊሊያም ዋይት የካቲት ላይ ሞተ። የኤድዋርድ ዊንስሎው ሚስት ኤልሳቤጥ መጋቢት ላይ ሞተች። በግንቦት ሱዛናና ኤድዋርድ ተጋቡ። መንገደኞቹ ፕሊመዝ ላይ በመሠረቱት ሰፈራ የመጀመሪያው ሠርግ ይኸው ነው፤ ያጋባቸውም ቄስ ሳይሆን ሹም ነበር፣ በሆላንድ እንዳዩት ልማድ። ከአሥራ ስምንቱ ባለትዳር ሴቶች እስከዚያው ዓመት መከር በሕይወት የቆዩት አራት ብቻ ናቸው። አንዷ ሱዛና ነች። ከኤድዋርድ የወለደችው ጆሳያ በኋላ የፕሊመዝ ገዥ ሆኗል።

እንዲህ ያለች ሴት የአባቷ ስም እንዴት ይጠፋል? ነገሩ ወዲህ ነው። በእንግሊዞች ልማድ ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ትታ የባሏን ትይዛለች። የሰፈራው ገዥ የነበረው ዊሊያም ብራድፎርድ የመንገደኞቹን ዝርዝር ሲጽፍ «ዊሊያም ዋይት፣ ሚስቱ ሱዛና» ብሎ አለፈ። እኛ ዘንድ ሴት አግብታም በአባቷ ስም ነው የምትጠራው። ውጭ አገር የሚኖር ብዙ ሐበሻ «ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም» የሚል ፎርም ሲሰጠው ግራ የሚጋባውም ለዚህ ነው። ለእንግሊዞቹ ግን ያ ስም በሠርጉ ቀን ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያቺን ሴት መፈለግ የሚቻለው በወንዶቹ ወረቀት ነው፤ በኑዛዜያቸው፣ በዕዳቸው፣ በክሳቸው።

አሁን ወደ ስህተቱ። ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ተለይተው ከእንግሊዝ የሸሹት ምዕመናን ሜይፍላወር ላይ ከመሳፈራቸው በፊት ብዙዎቹ ሆላንድ ውስጥ ላይደን ከተማ ይኖሩ ነበር። በላይደን መዝገብ ዊሊያም ዋይት የሚባል ሱፍ አበጣሪ በ1612 አን ፉለር የምትባል ሴት እንዳገባ ተጽፏል። አን ደግሞ በሜይፍላወር የመጣው የሳሙኤል ፉለር እህት ነች። ሳሙኤል የሰፈራው ሐኪም ነበር፤ የታወቀ ሰው። እንግዲህ ባልየው ዊሊያም ዋይት፣ ሚስትየዋ አን። «አን» ማለት «ሱዛና»ን ማሳጠር ነው ተባለ። በቃ! ሱዛና ፉለር ሆነች። መጽሐፍ ላይ ገባች፣ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተገለበጠች።

ዊሊያም ዋይት ግን በእንግሊዝ አገር እንደ ጎመን የበዛ ስም ነው። የላይደኑ ሰውዬ ሌላ ሰው ነበር።

እውነቱን ያወጣው ደብዳቤ ነው። ኤድዋርድ ዊንስሎው በ1623 ለሥራ ወደ ለንደን ተመልሶ ሳለ ሊንከንሻየር ለሚኖር ሮበርት ጃክሰን ለሚባል ሰው ጻፈ። የጠራው «አጎቴ» ብሎ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው ለአማቱ ጽፎ እንደነበር ያነሳል። ዋይት እንደሞተ፣ ልጃቸው ከሁለት ልጆቿ ጋር ደህና እንደሆነች፣ አሁን የእሱ ሚስት እንደሆነች ለአማቱ ነግሮት ነበር። ቀጥሎ የወለዱት አንድ ልጅ እንደሞተባቸው፣ ሲለያዩም እርጉዝ እንደነበረች፣ ከመውለዷ በፊት ሊደርስላት ተስፋ እንደሚያደርግ ይጽፋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴን ይበላዋል። ውቅያኖስ ማዶ ያለችውን ነፍሰ ጡር ሚስቱን እያሰበ የሚጽፈው ለእሷው ዘመዶች ነው።

እንግዲህ እናስላ። በ1621 መጨረሻ ገደማ ለአማቱ ደብዳቤ ጽፏል። የሳሙኤል ፉለር አባት ሮበርት ፉለር ግን በ1614 ሞቷል። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም። አጎቷ ጃክሰን ከሆነስ ለምን ጃክሰን የሚባል አባት አይፈለግም?

ሱ አለን፣ ኬይለብ ጆንሰንና ሳይመን ኒል የሚባሉ ተመራማሪዎች ይህንን ይዘው የእንግሊዝን የድሮ መዛግብት ቆፈሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊትም ያገኙትን አሳተሙ፦ የሱዛና አባት የስክሩቢው ሪቻርድ ጃክሰን ነው። ስክሩቢ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። የእነዚያ ስደተኞች ጉባኤ የተጠነሰሰው እዚያ፣ ከመሪዎቻቸው አንዱ በነበረው በዊሊያም ብሩስተር ቤት ነው። በ1608 የቤተ ክህነት ፍርድ ቤት ጠርቷቸው ባለመቅረባቸው እያንዳንዳቸው 20 ፓውንድ የተቀጡ ሦስት የስክሩቢ ሰዎች አሉ። አንዱ ብሩስተር፣ አንዱ ሪቻርድ ጃክሰን ነው።

ስሟ ሲስተካከል ታሪኳም አብሮ ተቀየረ። ስትነገረን የኖረችው የሐኪሙ እህት ነበረች። እውነተኛዋ ሱዛና ግን ነገሩ ሁሉ ከተጀመረበት መንደር፣ አባቷ ስለ እምነቱ ከተቀጣበት ቤት የወጣች ልጅ ነች። ያንን መርከብ ስትሳፈር የምታደርገውን የምታውቅ ሴት ነበረች ብዬ አምናለሁ።

የሚያናድደኝ ግምቱ አይደለም። ሰው ይገምታል፤ ፍለጋ የሚጀመረውም በግምት ነው። የሚያናድደኝ ግምቱ ሳይጣራ ስም ሆኖ መግባቱ ነው። ሱዛና ብቻ አይደለችም። የሌላው የሜይፍላወር መንገደኛ የስቲቨን ሆፕኪንስ የመጀመሪያ ሚስት ኮንስታንስ ደድሊ ትባላለች ሲባል ኖሯል። ልጃቸው ኮንስታንስ ስለሆነች እናቷም ኮንስታንስ ናት ተብሎ። በኋላ ኬይለብ ጆንሰን ሃምፕሻየር ውስጥ የሃርስሊ ደብርን መዝገብ ቢከፍት የልጆቹን ጥምቀት አገኘ። በ1613 የተቀበረችው እናታቸውም ሜሪ ሆና ተገኘች። የብሩስተር ሚስት ሜሪም «ሜሪ ዌንትዎርዝ» እየተባለች ትጻፋለች። ለዚህ ውሃ የሚያነሳ ማስረጃ የለም። የትልቅ ቤተሰብ ስም ስለሆነ ግን የሚነቅለው ጠፋ።

አሁን ደግሞ ኢንተርኔት አለ። የቤተሰብ ሐረግ የሚሠራባቸው ድረ ገጾች ላይ አንዱ የጻፈውን ሌላው በአንድ ጠቅታ ወደ ራሱ ይገለብጣል። ሺህ ቦታ የተጻፈ ነገር እውነት ይመስላል፤ ምንጩ ግን ያው የአንድ ሰው ግምት ነው። ክፉው ነገር ፍለጋውን ማስቆሙ ነው። ሳጥኑ ውስጥ «ፉለር» የሚል ስም ካለ ጃክሰንን ማን ይፈልጋል? ሐረግ የምትሠሩ ሰዎችን አደራ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ያልተረጋገጠውን ስም አውጡት፣ ወይም ግምት መሆኑን አጠገቡ ጻፉ።

ማይልስ ስታንዲሽ የሰፈራው የጦር አለቃ ነበር። ሁለተኛ ሚስቱ ባርባራ በ1623 አን በምትባል መርከብ መጣች። ሰባት ልጆች ወለደችለት። የመጀመሪያ ሚስቱ የሮዝ እህት ናት የሚሉ አሉ፤ ማስረጃ ግን አላቀረቡም። በ1627 ሰፋሪዎቹ ከብቶቻቸውን ሲከፋፈሉ በተጻፈው ዝርዝር ላይ ከልጆቿ ጋር ስሟ አለ፤ የአባቷ ስም ግን የለም። ስታንዲሽ ለአማቱ ወይም ለሚስቱ አጎት የጻፈው ደብዳቤ ካለ ገና አልተገኘም። እኔ በማስታወሻዬ ላይ «ባርባራ» ብዬ ጻፍኩና አጠገቧ ያለውን ቦታ ባዶ ተውኩት።