የመስኮቷ ወንበር

ነገሩ የተጀመረው በወንበር ነው። ባልና ሚስቱ ከጉዞ በተመለሱ ሰሞን ተሰብስበን ሳለ ባል፣ «ዘንድሮ እኮ መስኮቱን ለቀቀችልኝ!» አለ፤ ሎተሪ የወጣለት ይመስል።

እነሱን የሚያውቅ ሰው ወሬው ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል። 20 ዓመት አብረው ሲጓዙ ሥርዓታቸው አንድ ነው። እሷ መስኮት፣ እሱ መተላለፊያው ጋ። ፓስፖርትና ወረቀት እሱ ዘንድ፣ መድኃኒትና ቻርጀር እሷ ዘንድ። ሆቴል ሲገቡ ሻንጣ ሳይፈታ መውጣት የለም። መንገድ የሚመራው እሱ ነው፤ «ተሳስተናል» የምትለው እሷ።

በዚህኛው ጉዞ የቀየሩት ሦስት ነገር ብቻ ነው። አውሮፕላን ላይ ወንበር ተለዋወጡ። ባቡር ላይ ጀርባቸውን ወደሚሄዱበት ሰጥተው ተቀመጡ። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ፌርማታ ቀድመው ወርደው፣ ስልክ ሳያወጡ፣ እሷ እየመራች በእግራቸው ወደ ማረፊያቸው ገቡ። በቃ፣ ይኸው ነው።

«እና ይሄም ለውጥ ሆኖ ይወራል?» አለ ከመካከላችን እግሩ ቤት የማይቀመጠው። «መቀየር ካማራችሁ የት እንደምታድሩ ሳታውቁ ውጡ። ወንበር መለዋወጥማ እቤታችሁ ሶፋ ላይም ይቻላል።»

ተሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቁም። ዕድሜያቸውን የጨረሱት አውሮፕላን ጥገና ላይ ነው። «እኔ ጭራሽ አትነካኩት ባይ ነኝ» አሉ። ከዚያ እ.ኤ.አ. የ1935ቱን አደጋ አወሩን። ቦይንግ ሞዴል 299 የሚባል አዲስ የጦር አውሮፕላን ለሙከራ በረራ ይነሳል። አውሮፕላን ቆሞ ሳለ ነፋስ ጭራው ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ መሪዎች እንዳያወዛውዛቸው የሚያስር መቆለፊያ አለ። ያን ቀን ሳይፈታ ቀረ። አውሮፕላኑ እንደተነሳ ወደቀና ሁለት ሰዎች ሞቱ። «አብራሪው ጀማሪ እንዳይመስላችሁ! አብራሪዎች ከመነሳታቸው በፊት ዝርዝር ይዘው አንድ በአንድ የሚፈትሹት ከዚያ ወዲህ ነው። ልማድን አትናቁ።»

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነው» አለች ሚስት። «እኛም ፓስፖርቱን አልነካንም። ግን አብራሪው ዓይኑን ወዴት እንደሚጥል ደግሞ ማን ጻፈለት?»

«እሱም ተጽፎለታል» አሉ ጋሼ ፍርጥም ብለው።

እንግዲህ እዚህ ላይ የተረታች መስሎኝ ነበር። ትንሽ አሰበችና፣ «ተሳፋሪውስ?» አለች።

«ተሳፋሪውማ እንደ ፈለገው።»

«እኛ ተሳፋሪ ነን።»

ሥነ ልቦና የምታስተምረው ጓደኛችን ይሄኔ ገባች። አርተር አሮን የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመውን ሙከራ አነሳች። ጥንዶችን በእጅ አንጓና በቁርጭምጭሚት አጣምረው ያስሯቸዋል። ከዚያ ፍራሽ ላይ እየዳሁ፣ እጃቸውን ሳይጠቀሙ፣ በመካከላቸው ትራስ ነገር ይዘው እንዲሻገሩ ይደረጋል። 7 ደቂቃ ነው። ሌሎቹ ጥንዶች ደግሞ ቀስ ብለው ኳስ ሲያንከባልሉ ይቆያሉ። በኋላ ሲጠየቁ፣ ስለ ግንኙነታቸው የሚሰማቸው ይበልጥ የተሻሻለው የዳሁት ናቸው።

«እንግዲያው መስኮቱን ተዉትና መተላለፊያው ላይ ዳሁበት!» አለ ተጓዡ።

መምህርቷ ራሷ ስቃ፣ መጠይቁ የተሞላው እዚያው ወዲያው መሆኑን አልደበቀችም። ከዓመት በኋላ ምን እንደሚሉ ይህ ሙከራ አይነግረንም አለች። ይህን በማለቷ እንዲያውም ይበልጥ አመንኳት።

ጨዋታው የጣመኝ ግን ባልና ሚስቱ ያዩትን ሲናገሩ ነው። እሱ 20 ዓመት ሙሉ መስኮቱ ጋ የምትተኛ ይመስለው ነበር። ለካ አትተኛም! ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ክንፉን ነው የምታየው። እሱ ቦታዋን ይዞ አውሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር፣ የክንፉ የኋላ ጠርዝ እየተንሸራተተ ወጣና ወደ ታች ጎበጠ። ክንዷን ጨመቀው። «ተገነጠለ!» ፍላፕ ነው፤ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን ቀንሶ ሳይወድቅ እንዲያርፍ ሁልጊዜ የሚዘረጋ። እሷ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ ለእሱ የመጀመሪያው ነበር።

እሷ ደግሞ እሱ ቦታ ተቀምጣ የምግብ ጋሪው ሁለቴ ክርኗን መታት። ለሚያልፍ ሁሉ ትከሻዋን ስትሰበስብ፣ ለሚነሳ ሁሉ ስትነሳ ዋለች። «20 ዓመት ሲመታ ኖሮ አንድ ቀን ትንፍሽ አላለም» አለች። ይህን ስትል አልሳቀችም። እሱም መሬት መሬት አየ።

ባቡሩ ላይ አልተሳካላቸውም። መጀመሪያ ደስ ብሏቸው ነበር። ፊትን ወደሚሄዱበት አድርጎ ሲቀመጡ ዛፉም ቤቱም መጥቶ ሽው ይላል፤ ዞረው ሲቀመጡ ግን ያለፉት ነገር እያነሰ እያነሰ እስኪጠፋ ዓይን ይከተለዋል። ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እሷን አጥወለወላት። ሰውነት የሚሰማውና ዓይን የሚያየው ሳይገጥም ሲቀር የሚመጣ ነገር ነው። ተነስተው ወደ ልማዳቸው ዞሩ። በእግር የገቡበትን ቀን ደግሞ ሁለቱም ማውራት አልፈለጉም፤ ተኮራርፈው እንደደረሱ ከፊታቸው ያስታውቃል።

ፍርዱን ለእኔ ከተዉት፣ እኔ ከሚስት ጋር ነኝ። ተጓዡ ወዳጄ አልጋ ሳይዝ መሄዱን ለውጥ ይለዋል። ግን አሥር ዓመት እንደዚያው ነው የሚሄደው፤ የእሱም ሥርዓት ሆኗል። ሁሉን ነገር አንዴ ቢገለብጡት ኖሮ፣ የክርኑን ነገር በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ማን ልብ ይለው ነበር? ሌላው ሁሉ እንደ ድሮው ስለነበረ ነው ያቺ አንዲት ነገር የታየችው። ባቡሩም ቢሆን ያስከፈላቸው ከወንበር ወንበር መነሳት ብቻ ነው። በወረቀቱ በኩል ግን ጋሼ ትክክል ናቸው፤ እዚያ ላይ ጨዋታ የለም። የመምህርቷ ሙከራ ጥሩ ነው፣ እኔን ግን ክርኑ ይበቃኛል።

ለሚቀጥለው ጉዞ ከወዲሁ ተስማምተዋል። ሲሄዱ መስኮቱ የእሱ፣ ሲመለሱ የእሷ። ፓስፖርቱ እሱ ዘንድ ይቆያል፤ ጋሼ አስምለዋቸዋል።