የአክስቴ ባል አይቶታል

ባለፈው ቅዳሜ ሃምሳ ብር ከፍዬ የግመል መንጋጋ አየሁ።

የግመል ነው የምለው እኔ ነኝ። ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት «የሐይቁ ዘንዶ የታችኛው መንጋጋ» ነው የሚለው፤ «ዘንዶ» የምትለው ቃል በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ልጅ ሆኜ ግን አባቴ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይዞኝ ይወርድ ነበር። አፋሮች የሚያመጡትን ግመል ከሥር ሆኜ ሽቅብ ሳይ ስለኖርኩ መንጋጋውን በጨለማም አልስተውም። አንዱማ ኮፍያዬን በልቶብኛል። በዚያ ርቀት የተዋወቁትን አፍ ሰው አይረሳም።

ቤቱ ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። አንድ ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰማያዊ በር። ከበሩ በላይ ጣውላ ላይ «ሙዚየም» ተብሎ ተጽፎ ከጎኑ አፉን የከፈተ ዘንዶ ተስሏል፤ ሠዓሊው ቀለም ተርፎት ነው መሰለኝ አራት እግር ጨምሮለታል። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ተጣበን የመጣነው አሳ ልንበላ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን እግሮቹን ሲያይ ካልገባን ብሎ እጄን ጎተተ። ዐሥር ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዕድሜ እግር ያለው ዘንዶ ከአሳ ጥብስ ይበልጣል።

ውስጥ ያለው ዕቃ ቶሎ ያልቃል። መንጋጋው አለ። እባብ ገፎ የጣለው ቆዳ አለ፤ ይሄኛው እውነተኛ ነው፣ ግን ከክንዴ አይረዝምም። («ግልገሉ ነው» ተባልን።) የሐይቁ ፎቶግራፍ አለ፤ ሞገዱ መሀል በእስክሪብቶ ክብ ተሠርቶ «እዚህ ጋ» ይላል። በመጨረሻም በሃይላንድ የተቀዳ ውሃ፣ «ዘንዶው ጠጥቶ የተረፈ» የሚል ጽሑፍ ያለበት። እሱን ወድጄዋለሁ። ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል፤ የተረፈው ብዙ ነው ማለት ነው።

«ለመሆኑ አንተ አይተኸዋል?» አልኩት አስጎብኚውን።

«እኔ እንኳ አላየሁትም፣ ጋሼ። የአክስቴ ባል ግን አይቶታል፤ ወላሂ!»

ያበሸቀኝ ይሄ ነው። መንጋጋው አይደለም፤ ግመሉንም ነፍስ ይማር።

በዚህ አገር የአክስት ባል ያላየው ነገር የለም። ጆሮዋ ላይ የወርቅ ጉትቻ ያንጠለጠለች ጅብ ያየው እሱ ነው። ስኳር በስንት ሊገባ እንደሆነ ከመጋዘን ዘበኛው አፍ የሰማው እሱ ነው። ሹሙ ሊነሳ መሆኑን ደብዳቤው ሳይጻፍ ያነበበውም እሱ ነው። እኛ ራሳችን አናይም፤ ያየውን ሰው እናውቃለን እንጂ። ካመንክ ጥሩ። ካላመንክ ግን ነገሩ ከዘንዶው ያልፋል፤ የሰው ቤት አባወራን ውሸታም ብለሃልና ጠብ ነው። «እሺ፣ ሄደን እንጠይቀው» ካልክ ደግሞ ሰውየው ቤት የለም። ወይ ታሟል፣ ወይ አምና ዐርፏል፣ ወይ መንገድ ላይ ነው።

«የት ነው ያለው የአክስትህ ባል?»

«ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። ጅቡቲ ነው።»

አላልኩም?

ነገሩ በሳቅ ቢያልቅ ዝም እል ነበር። እህቴ፣ የዚህ ልጅ እናት፣ የደም ግፊት ክኒኗን ሁለት ወር ሙሉ ትታው ነበር። ለምን? ሻይ ቤት ያገኘቻት አንዲት ሴት የአክስቷ ባል በነጭ ሽንኩርት ድኗል ስላለቻት። ሰውየውን አታውቀውም። የሴትየዋን ስም እንኳ አታውቅም። ሐኪሙ ዓመታት ተምሮ፣ ለክቶ፣ ጽፎ የሰጣትን ማንም ያላየው ነጭ ሽንኩርት ሻረው። ራሷን ስታ ወድቃ ሆስፒታል ከገባች በኋላ «ምን ነካሽ?» ብላት፣ ግሉኮሱ እጇ ላይ እንደተሰካ፣ «ግን እኮ ድኗል» አለችኝ።

ወደ ዘንዶው ልመለስ።

የሚገርመው ሐይቅ ዘንዶ የቸገረው ቦታ አይደለም። ከዚያች ክፍል ብዙም ሳይርቅ፣ ድሮ ደሴት በነበረች አሁን ግን ከየብስ በተያያዘች መሬት ላይ፣ የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ትውፊቱ ምሥረታውን ወደ 9ኛው መቶ ዘመን ይወስደዋል፤ ያኔ የአካባቢው ሰው የሚያመልከው ዘንዶ ነበር፣ በጸሎት ጠፋ ይላል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያስተማሩት እዚያው ነው። ገዳሙን ተወው ብትል ደግሞ አርዌ አለልህ፤ ቁርበት ላይ የሚሳለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ መጀመሪያው ላይ ተጠቅልሎ የሚታየው እባብ። 400 ዓመት ነግሦ አንጋቦ መርዝ ባበላው ፍየል ሞተ ይባላል። 400 ዓመት ሰው ሲያስጨንቅ ኖሮ ምሳው ገደለው።

«ይሄን ሁሉ ለምን አትተርክም?» አልኩት።

«ያማ የድሮ ነው፣ ጋሼ። ማን አየው?» አለኝ።

እሱ፣ ለእኔ!

«አክስትህስ? እሷ አላየችውም?»

«በገዳሙ በኩል ነው የታየው። ሴት አይገባም እኮ።»

ለካ ምክንያት አለው። ምስክሩ ዘላለም ባልየው የሆነው ለዚህ ኖሯል።

እዚህ ላይ ስለ አሳው አንድ ነገር ካላልኩ ያንቀኛል። ሐይቁ ዳር ጠብሰው የሚያቀርቡልን ቆሮሶ እዚያ የተፈጠረ አይደለም፤ በ1970 ግድም በሰው እጅ ተወስዶ የተጨመረ ነው። ያ እንግዲህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። አሳ በዕቃ ተጭኖ መጥቶ፣ ሰው ዳር ቆሞ ውሃው ውስጥ ሲለቅቀው ያየ ሰው መቼም አይጠፋም። የማንም አክስት ባል ግን አንስቶት አያውቅም። የሆነውን ነገር ማየት ክብር የለውም መሰለኝ።

አስጎብኚው በዚህ መሀል ስልኩን አውጥቶ ለልጁ ፎቶ ያሳየዋል። ረጅም አንገት ከውሃ ብቅ ብሏል። «ስኮትላንድ ነው፤ ሎክ ነስ ይባላል። የኛው ዘር ነው። እዚያ ትልቅ ሙዚየም ሠርተውለታል፤ ዓለም ይጎርፍለታል» ይላል። ሙዚየሙ ከየት እንደመጣለት አሁን ገባኝ። ፎቶው በፈረንጆቹ 1934 ጋዜጣ ላይ የወጣ ነው፤ 60 ዓመት ሰው ሲከራከርበት ኖሮ በ1994 የመጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ላይ አንገት ተሠርቶለት የተነሳ መሆኑ ታወቀ። ይህን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና፣

«ያነሳው ግን ሐኪም ነው አሉ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ፎቶውን አነሳሁ ብሎ ለጋዜጣ የሰጠው የለንደን ሐኪም ነበር፤ እስከ ዛሬም በሐኪሙ ነው የሚጠራው። «ሐኪም ይዋሻል እንዴ?» አለ። ፈረንጅም የአክስት ባል አለው ማለት ነው፤ የእነሱ ተምሯል እንጂ። ሐኪም የሚታመነው ዘንዶ አየሁ ሲል ነው እንግዲህ፤ ክኒን ሲያዝማ ነጭ ሽንኩርት አለ።

ሚስቱ ከጓዳ ቡና ይዛ ብቅ አለች። ማንም አልጠየቃትም። ሃምሳ ብር የከፈለ ሰው ቡና ይጠጣል፤ ያልከፈለም ይጠጣል። ባልየው ቁርበት አንጥፎ «አረፍ ይበሉ፣ ጋሼ» አለኝ። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።

ቁርበት ሳይ የምወደው ተረት ይመጣብኛል። ከዘንዶው ጋር አይገናኝም፣ ግን እነግራችኋለሁ። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።» ሰው ይህን የሚተርተው አስመሳይን ለመንካት ነው፤ ቁርበት የሚቆረጥም ፍጥረት ቁርበት ላይ ልቀመጥ ማለቱ። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚያሳስቡኝ ባለቤቶቹ ናቸው። አነጠፉለት ወይስ አላነጠፉለትም? ተረቱ እዚያው ላይ ጥሎን ይሄዳል። የሌላውን አገር እንጃ፤ የሄደው ወሎ ከሆነ ግን አንጥፈውለታል። ጅብ መሆኑንም አውቀው አንጥፈውለታል። «ደከመህ፣ የኔ ዓለም?» ብለው እግሩን አጥበውታል። አቦሉን ጠጥቷል፣ ቶናውን ጠጥቷል፤ በረካው ላይ ሲደርስ ከሥሩ ያለውን ቁርበት በጎን ቀስ እያለ መቆርጠም ጀምሯል። ያን ጊዜም «አብሽር፣ ሌላ አለ» ነው ያሉት። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ ማን ነው? አይጠየፍ! ጅቡ መንገድ ላይ ይሄን ስም ሰምቶ ነው የመጣው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ይህች ደግነት ግን ጃንጥላዬን አስከፍላኛለች።

ቡናው ሳያልቅ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ ቂሜም አብሮ። ጃንጥላዬ ጥቁር ነበረች፣ እጀታዋ የእንጨት። ደሴ ለኖረ ሰው ጃንጥላ ዕቃ ብቻ አይደለችም፤ ጦሳ ጭጋጉን ሲለቅብህ የምታስጠጋህ ዘመድ ናት። የዛሬ ስድስት ዓመት ጎረቤቴ ለቅሶ ሊደርስ «አንዴ አውሰኝ» አለኝ። አዋስኩት። በሳልስቱ አልመለሳትም። በአርባውም አልመለሳትም። በተዝካሩ ቀን ዘርግቷት ቆሞ አየሁት፤ በገዛ ዐይኔ፣ በአክስቴ ባል ዐይን አይደለም። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ። በሁለተኛው ክረምት፣ በረንዳው ሥር ተጠልዬ ስንጠባጠብ ቢያየኝ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ከቸገረህ ላውስህ። ብቻ ማታ ትመልስልኛለህ።»

ይህን ሳወራ ሰው አጋነንክ ይለኛል። ምኑን አጋነንኩ? እዚሁ ወሎ፣ መቅደላ ላይ፣ በ1860 የእንግሊዝ ጦር የአፄ ቴዎድሮስን ንብረት ዘርፎ ሲወርድ ለጭነቱ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ነው ያስፈለገው። 150 ዓመት ቆይቶ፣ በእኛ 2010፣ ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም እጁ ካሉት ዕቃዎች በረጅም ጊዜ ውሰት ልስጣችሁ አለ። በውሰት! ጎረቤቴን ቢያንስ ያዋስኩት እኔ ነኝ። እነዚህን ማን አዋሳቸው? ብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ 11 ታቦት ይዟል። ቅድስናቸውን አክብሬ ነው ይልና ለጎብኚ አያሳያቸውም፤ የራሱ ባለሙያዎች እንኳ አያዩዋቸውም። ለማንም የማይታይ ነገር እዚያ ተቆልፎ መቀመጡ ለማን ብሎ ነው? ካከበርከው መልሰዋ! እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ያለውን ለማንም የማያሳየው ቤት ትልቅ ሙዚየም ተብሎ ይጠራል፣ የሌለውን ለሁሉም የሚያሳየው የኛው ሰውዬ ይሳቅበታል። እኔ የግመሉ ይሻለኛል። ኮፍያ ከመብላት በቀር ማንንም አልዘረፈም።

ቡናዬ ቀዝቅዞ ነበር። ልጁ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ለካ ጮክ ብዬ ነው የማወራው።

ስለ አክስት ባል ገና ብዙ የምለው ነበረኝ፤ በተለይ ሠርግ ላይ ስለሚሠራው። ውጭ ግን የሚኒባሱ ጡሩንባ ነፋ፤ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው!» ይላል፣ እኛ ሁለት ነን። ጫማዬን ሳስር አስጎብኚው «መዝገቡ ላይ ይፈርሙልን፣ ጋሼ» አለ። ብገልጠው ልጁ ቀድሞኝ ጽፏል። ገጹ በማስመሪያ ተከፋፍሏል፦ ስም፣ የመጡበት ቦታ፣ አስተያየት፣ ያየ ዘመድ። በመጨረሻው ዐምድ፣ በዚያ በሚያምር የትምህርት ቤት ጽሕፈቱ፣ «አጎቴ» ይልና ስሜ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ይከተላል።

«ምን አየሁና ነው?» አልኩት።

«አየኸው አይደል እንዴ፣ መንጋጋውን?»

ልሰርዘው እስክሪብቶ ፈለግሁ። መዝገቡ ላይ በሲባጎ ታስሮ ነበር። ሲባጎው አለ፤ እስክሪብቶው የለም።

«አሁን የወጣው ሰውዬ ስልክ ቁጥር ልጻፍበት ብሎ ተውሶት ነው» አለ አስጎብኚው።

«ወዴት ሄደ?»

«በወልድያ መኪና ነው የሄደው። ይመልሰዋል፣ ጋሼ፤ አብሽሩ።»