እቁብ በቀኝ ኪስ፣ እድር በግራ ኪስ

በወሩ መጀመሪያ እሑድ በሰፈራችን ሁለት ደብተሮች ይገለጣሉ። ለሞታችን በወር 100 ብር፣ ለዕጣችን ደግሞ 2,000 ብር ስለምንከፍል፣ ሒሳቡን ብቻ ላየ ሰው ተስፈኞች እንመስላለን። የእድሩ ገንዘብ ያዥ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩን ከቅርብ አውቀዋለሁ።

የእድራችን ዳኛ፣ ጋሼ፣ ከድንኳኑ፣ ከብረት ድስቶቹና ከጡሩንባው ጋር ሲኖሩ ዓለምን በቀብር በኩል ማየት ለምደዋል። "እንዴት አደሩ?" ሲባሉ "እስካሁን አለሁ" ይላሉ፤ ልጆች ሲስቁ ከሰሙም "ሳቅ ሲበዛ ለቅሶ ይከተላል" ብለው ያስጠነቅቃሉ። የእቁቡ ጸሐፊ እትዬ ግን እንዲህ ያለውን ንግግር "አያሟርቱብን!" ብለው ያቋርጡታል። መብራት ሲጠፋ "አሁን ይመጣል" እያሉ ሻማ ሳይገዙ ይቀመጣሉ፤ መብራት እያለ ሻማ የሚገዙት ጋሼ ናቸው። እትዬ እስከ ሌሊት ድረስ ተስፋ የሚያደርጉት በማን ሻማ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሁለቱም በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበዋል፤ እትዬ ሊደርሳቸው፣ ጋሼ ደግሞ እንደማይደርሳቸው በዓይናቸው ሊያረጋግጡ። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለ25,791 ቤቶች የወጣው ዕጣ፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች ከመረጃው ተቀላቅለው በመገኘታቸው ሲሰረዝ፣ እትዬ "ዕድሌ ተመለሰልኝ" ብለው እልል አሉ። ጋሼ ደግሞ ፊታቸው በርቶ፣ ከቤት ቤት እየዞሩ "ብያችሁ አልነበረም?" ሲሉ ዋሉና ማታ ለሰፈሩ ሁሉ ቡና አስፈሉ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ጨለምተኛ ሰው ደስታ የለውም የሚሉ ሰዎች፣ ሟርቱ የሰመረለትን ሰው ታዝበው አያውቁም ማለት ነው።

እቁቡም ቢሆን ስለ ነገ ያለው እምነት ስስ ነው። ዕጣ ለደረሰው ሰው ብሩ ከመቆጠሩ በፊት "ዋስ ጥራ" ይባላል፤ እድሩ ግን ሟችን ዋስ ጠይቆ አያውቅም።

ባለፈው ወር የ20 ሰዎች ስም ከተጣለበት ባርኔጣ የጋሼ ወረቀት ወጣ። 40,000 ብሩን እንደ መርዶ ተቀበሉት፤ "በዚህ ዕድሜዬ ዕጣ መውጣቱ ደግ አይመስለኝም" አሉና፣ ሳይዘገዩ የ10 ዓመት የእድር መዋጮ፣ 12,000 ብር፣ አስቀድመው ከፈሉኝ። እትዬ ደረሰኙን ከእጄ ላይ አነበቡ።

"እንዴ ጋሼ፣ 10 ዓመት? እንግዲህ እርስዎም ተስፈኛ ሆኑ!"

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው ደረሰኙን ደጋግመው ካዩ በኋላ፣ የ5ቱን ዓመት ብር እንድመልስላቸው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።